ጃኔት ራንኪን፤ ሁለት ጊዜ እምቢ ያለችው የሞንታና እንደራሴ

የአገራችን ተረት ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል። ኅብረትን የሚያመሰግን ተረት በቋንቋችን ሞልቷል፤ ሁሉ በአንድነት ሲነሣ ለብቻው የሚቀመጠውን ሰው የሚያመሰግን ግን ጥቂት ነው። እኛም ተማሪዎች በስብሰባችን ላይ እጅ አውጥተን ድምፅ ስንሰጥ፣ ቀድመን የምናየው የጎረቤታችንን እጅ መሆኑን ብንክድ ራሳችንን እናታልላለን። በዚህ እትም የሕይወት ታሪኳን ልናቀርብላችሁ የመረጥነው ሴት በዕድሜዋ ሁለት ጊዜ የጎረቤቶቿን እጅ ሳታይ ድምፅ የሰጠች፣ ሁለቱንም ጊዜ ከፍ ያለ ዋጋ የከፈለች ናት። ስሟ ጃኔት ራንኪን ይባላል፤ አገሯም በምዕራብ አሜሪካ የምትገኘው ሞንታና ናት። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውን ለማወቅ አገሩን ማወቅ ይበጃልና አስቀድመን ስለ ሞንታና ጥቂት እንናገር። ስሟ ከስፓኝ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው ተራራ ነው። በስተሰሜን ከካናዳ ትዋሰናለች፤ ስፋቷ 380,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም የአገራችንን አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ምዕራቧ በሮኪ ተራሮች የተሞላ ነው፤ ምሥራቋ ደግሞ ስንዴ የሚዘራበትና ከብት የሚሰማራበት ሰፊ ሜዳ ነው። ታላቁ የሚዙሪ ወንዝም የሚጀምረው ከዚሁ ምድር ነው። በ1862 ወርቅ በመገኘቱ ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈባት፤ መሬቱም ከጥንት ባለቤቶቹ ከአሜሪካ ሕንዶች እጅ እየወጣ ሄደ። በ1876 የላኮታና የሻየን ተዋጊዎች በሊትል ቢግሆርን ወንዝ አጠገብ የከስተርን ጦር ቢደመስሱም ድሉ አገራቸውን አላስቀረላቸውም። በኖቬምበር 8 ቀን 1889 ሞንታና 41ኛዋ የአሜሪካ ግዛት ሆነች፤ ዋና ከተማዋም ሄለና ናት። በ1910 በተደረገው ቈጠራ ሕዝቧ 376,000 ያህል ነበር፤ በ2020 እንኳ ከአንድ ሚሊዮን ብዙም አላለፈም። ሕዝቧ ጥቂት ይሁን እንጂ ሀብቷ ብዙ ነበር፤ ዓለም የኤሌክትሪክ ሽቦ መዘርጋት በጀመረበት ዘመን ቢዩት ከተባለው ከተማዋ ሥር የሚወጣው መዳብ እጅግ ተፈላጊ ሆነ። የአናኮንዳ መዳብ ኩባንያም ማዕድኑን ብቻ ሳይሆን ታላላቆቹን ጋዜጦች ጭምር በእጁ አድርጎ በግዛቲቱ ላይ እንደ ሁለተኛ መንግሥት ሆኖ ይኖር ነበር።

ጃኔት የተወለደችው በጁን 11 ቀን 1880 በሚዙላ ከተማ አጠገብ ነው። አባቷ ጆን ራንኪን ከካናዳ የመጣ አናጢ ሲሆን ኋላ በከብት እርባታና በእንጨት ንግድ ሀብት አፍርቷል። እናቷ ኦሊቭ ፒከሪንግ ከሩቅ ምሥራቅ ግዛት ከኒው ሃምፕሺር ለማስተማር የመጣች መምህርት ነበረች። ጃኔት የቤቱ በኵር ስለ ነበረች ታናናሾቿን ማሳደግ፣ ልብስ መስፋትና ከብት መጠበቅ የእርሷ ፋንታ ሆነ። እንደሚነገረው አንድ ጊዜ የቈሰለ ፈረስ በመርፌና በክር ሰፍታለች፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ የአባቷ ቤት የእግረኛ መንገድ ስለሌለው ተከራይ ቢያጣ ራሷ ጣውላ አምጥታ መንገዱን በመዶሻ ሠርታለታለች። በዚያ አገር ሴቲቱ ከወንዱ እኩል ትደክማለች፤ የምርጫ ቀን ሲደርስ ግን ወንዱ ሄዶ ሲመርጥ እርሷ በደጇ ቆማ ታያለች። ይህ ነገር በልጅቷ ልብ ውስጥ አደረ።

በ1902 ከሞንታና ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመረቀች። ከዚያ በኋላ እንደ ብዙዎቻችን የሚሆናትን ሥራ ፍለጋ ተንከራተተች፤ አስተማሪ ሆነች፣ ልብስ ሰፊ ሆነች፣ አንዱም አልያዛትም። ወደ ቦስተን በሄደች ጊዜ ግን ድሆች በአንድ ክፍል ተጨናንቀው የሚኖሩበትን ሰፈር አየች፤ ይህንም በማየቷ በ1908 ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ተማረች። ወዲያው በሕፃናት ማሳደጊያ ብትቀጠርም የአንድ ሕፃን ቍስል ታጥቦ ሳያልቅ ሌሎች ዐሥር ቈስለው ይመጣሉና፣ መድኃኒቱ ከሕጉ ዘንድ እንጂ ከማሳደጊያው ዘንድ እንዳልሆነ ተረዳች። ሕጉን ደግሞ ድምፅ የሌለው ሰው አያወጣውም።

ስለዚህ የሴቶችን የምርጫ መብት ለማስገኘት ተነሣች። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው፣ በአሜሪካ ሴቶች አስቀድመው ድምፅ ያገኙት በሠለጠነው ምሥራቅ ሳይሆን በገጠሩ ምዕራብ መሆኑን ነው። ዋዮሚንግ መብቱን የሰጠችው በ1869 ነበር፤ ኮሎራዶ፣ ዩታና አይዳሆም ተከተሉ። ጃኔት በ1910 በዋሽንግቶን ግዛት ከተደረገው ትግል ልምድ ቀስማ፣ በ1911 ሄለና በሚገኘው የሞንታና ምክር ቤት ቀርባ ስለ ሴቶች መብት ተናገረች። ከዚያም በባቡርና በመኪና ከማዕድን ሠፈር ወደ እርሻ፣ ከእርሻ ወደ ከተማ እየዞረች ሰበከች። በ1914 የሞንታና ወንዶች ድምፅ ሰጥተው መብቱን አጸደቁ፤ ብልጫው ግን አራት ሺህ ድምፅ እንኳ አልሞላም። ሕጉ የጠቀመው ለሁሉም አልነበረም፤ ከአሜሪካ ሕንዶች ብዙዎቹ የዜግነት መብት ያገኙት በ1924 ነውና።

በ1916 ጃኔት በሪፑብሊካን ፓርቲ ስም ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ተወዳደረች። ወንድሟ ዌሊንግቶን ገንዘቡንም ምክሩንም ሰጣት። ሞንታና ከምትልካቸው ሁለት እንደራሴዎች አንዷ ሆና ተመረጠች፤ በዚህም በአሜሪካ ኮንግሬስ ወንበር ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ዕድሜዋ 36 ዓመት ነበር። በአገሩ ሁሉ ያሉ ሴቶች የመምረጥ መብታቸው በሕገ መንግሥት የጸናው ከአራት ዓመት በኋላ በ1920 መሆኑን ስናስብ፣ ነገሩ ምን ያህል ድንቅ እንደ ነበረ ይገባናል።

በኤፕሪል 2 ቀን 1917 ቃለ መሐላ ፈጽማ ገባች። በዚያው ምሽት ፕሬዚዳንት ዊልሰን በጀርመን ላይ ጦርነት እንዲታወጅ ኮንግሬሱን ጠየቁ። ወንድሟ ከብዙኃኑ ጋር እንድትሆን መከራት። ከሴቶች ማኅበር መሪዎችም አንዳንዶቹ ሴት ለፖለቲካ ደካማ ናት እንዳይባል ፈሩ። በኤፕሪል 6 ሌሊት ስም እየተጠራ ድምፅ ሲሰጥ፣ አገሯን እንደምትወድ ነገር ግን ለጦርነት ድምፅ ልትሰጥ እንደማትችል በአጭር ቃል ገልጣ ተቃወመች። ውጤቱ 373 ለ50 ሆነ። ከእርሷ ጋር የተቃወሙት 49 ወንዶች ነበሩ፤ ጋዜጦቹ ግን ያተኰሩት በሴቲቱ ላይ ነበር። አለቀሰች ተብሎ ተጻፈባት። ከወንዶቹ እንባ ያፈሰሱ ነበሩ፤ የእነርሱ እንባ ግን እንደ ድካም አልተቈጠረም።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከገዛ አገሯ ነው። በጁን 8 ቀን 1917 በቢዩት የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የአንድ ሠራተኛ መብራት የኤሌክትሪክ ገመድ መሸፈኛ ነክቶ እሳት ተነሣ፤ ጢሱ ጉድጓዱን ሞልቶ 168 ሰዎች ሞቱ። የተረፉት ሥራ አቆሙ። ከአንድ ሠራተኛ ጋር መታየት እንኳ በሚያስወቅስበት በዚያ የጦርነት ጊዜ ጃኔት ወደ ቢዩት ሄዳ በሠራተኞቹ ፊት ቆመች፤ መንግሥትም ማዕድኑን እንዲይዝ ጠየቀች። ኩባንያው ይህን አልረሳላትም። የሞንታና ምክር ቤት ግዛቲቱን በሁለት የምርጫ ክልል ስለ ከፈለ እርሷ የደረሳት የተቃራኒው ፓርቲ ደጋፊዎች የበዙበት ክልል ሆነ። በዚህ ምክንያት በ1918 ለሴኔት ተወዳደረች፤ በፓርቲዋ የውስጥ ምርጫ ተሸነፈች፤ በሌላ ፓርቲ ስም ቀርባም ሦስተኛ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት ግን በጃንዋሪ 10 ቀን 1918 ስለ ሴቶች የምርጫ መብት የተደረገውን ክርክር ከፍታ ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው ለማየት በቅታለች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ ዓመታት ጸጥ ያሉ ይመስላሉ፤ እርሷ ግን አልተቀመጠችም። ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና ያቀረበችው የሕግ ረቂቅ በ1921 በሌሎች እጅ ዳብሮ ሕግ ሆነ። በ1924 በጆርጂያ ግዛት መብራትና የቧንቧ ውሃ የሌለው ትንሽ የገጠር ቤት ይዛ የሰላም ማኅበራትን ስታደራጅ ኖረች። በ1940፣ በ60 ዓመቷ፣ አሜሪካን ከጦርነት እጠብቃለሁ ብላ ወደ ሞንታና ተመልሳ እንደገና ተመረጠች።

በዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች። በማግሥቱ ኮንግሬሱ ሲሰበሰብ ጃኔት ለመናገር ደጋግማ ብትነሣም አፈ ጉባኤው አልፈቀዱላትም። ስሟ በተጠራ ጊዜ ጮኸው እየገሠጿት እንደገና ተቃወመች። በዚህ ጊዜ ውጤቱ 388 ለ1 ነበር። ከአዳራሹ ስትወጣ ሰው ስለ ከበባት ጠባብ የስልክ ክፍል ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ፖሊሶችም መጥተው አጅበው ወደ ቢሮዋ ወሰዷት። ያን ሁሉ ዘመን የረዳት ወንድሟ እንኳ ሞንታና በሙሉ እንደ ተቃወመቻት በቴሌግራም ነገራት። ከሦስት ቀን በኋላ በጀርመንና በኢጣልያ ላይ ጦርነት ሲታወጅ አልደገፈችም፣ አልተቃወመችም፤ መገኘቷን ብቻ አስመዘገበች። በ1942 ለመወዳደር እንኳ አልቀረበችም።

እዚህ ላይ እኛ የራሳችንን ሐሳብ ሳንናገር ብናልፍ ትክክል አይሆንም። በ1935 ፋሽስት ኢጣልያ የወረራት አገር ልጆች ነንና፣ ወራሪ በመልካም ቃልና በማኅበር ውሳኔ ብቻ እንደማይመለስ ከአባቶቻችን ታሪክ ተምረናል። ጃኔት ጦርነት ሁሉ አንድ ነው ብላ ስታምን፣ በወራሪውና በተወራሪው መካከል ያለውን ልዩነት አቅልላ ያየች ይመስለናል። ስለዚህ በሁለተኛው ድምፅዋ አንስማማም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለን ታሪክ ፈረደላት ማለትም አንችልም።

ነገር ግን ጥያቄው በዚህ አያበቃም። እንደራሴ የመራጮቹ አፍ ብቻ ነው ወይስ የገዛ ኅሊናውም ባለቤት? ጃኔት መራጮቿን አላታለለችም፤ ለምርጫ በቀረበች ጊዜ የተናገረችውን በድምፅ ቀን ደገመችው። የተለወጠው የሕዝቡ ልብ ነው፤ ለመለወጡም በቂ ምክንያት ነበረው። ሕዝቡ በበኩሉ በሚቀጥለው ምርጫ ሊሽራት መብት ነበረው፤ እርሷም ይህን እያወቀች ወንበሯን ለቃሏ ከፈለች። በወቅቱ የካንሳስ ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ዊሊያም አለን ዋይት አሳቧን ፈጽሞ ሲቃወም ድፍረቷን ግን በጋዜጣው ላይ አመስግኗል። እኛም ከእርሱ ጋር ነን። ሞትንና ሕይወትን የሚወስን ስብሰባ እምቢ የሚል አንድ ሰው እንኳ የማይችል ከሆነ፣ ድምፅ መስጠቱ ለሥርዓት ያህል ይሆናልና።

ጃኔት ከዚያ በኋላ ወደ ሕንድ ደጋግማ ተጓዘች፤ የጋንዲን ያለ ጦር የመታገል መንገድ ልታጠና ነበር። በጃንዋሪ 15 ቀን 1968 በ87 ዓመቷ የቬትናምን ጦርነት የተቃወሙ 5,000 ያህል ሴቶችን መርታ በዋሽንግቶን ከተማ ሰልፍ ወጣች። በሜይ 18 ቀን 1973 በካሊፎርኒያ፣ ካርሜል በተባለ ከተማ አረፈች። ባልም ልጅም አልነበራትም፤ ትታ ባለፈችው ገንዘብ በተቋቋመው ድርጅት ግን በዕድሜ የገፉ ችግረኛ ሴቶች ይማራሉ። በ1985 ሐውልቷ በኮንግሬሱ ሕንፃ ውስጥ ቆመ፤ ሁለት ጊዜ በተወቀሰችበት ቤት ማለት ነው። ሞንታና ግን እስከ 2024ቱ ምርጫ ድረስ ከእርሷ በቀር ሌላ ሴት ወደ ኮንግሬስ አልላከችም።

የተወደዳችሁ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህን የጻፍነው ሁሉ ለብቻው እንዲቆም ለመምከር አይደለም፤ ለብቻው የቆመ ሁሉ እውነት አልያዘምና። ነገር ግን በሚመጣው ስብሰባችን አንድ እጅ ብቻ በተቃውሞ ሲነሣ ብናይ፣ ከመሳቃችንና ከመጮኻችን በፊት ባለ እጁ ምክንያቱን እንዲናገር እንፍቀድለት። ጃኔት ራንኪን በዲሴምበር 8 ቀን 1941 የተነፈገችው ይህንኑ ነበር።