ውሃው ሲሸሽ የሚታየውን ዓለም የመረመረው ፔተር ፎርስኮል

በቀይ ባሕር ዳርቻ የኖረ ሰው ውሃው በሸሸ ጊዜ ሥሩን ከጭቃው ሽቅብ እንደ ችንካር አቁሞ የሚታየውን ዛፍ ያውቀዋል፤ ዓረቦች ሹራ ይሉታል። ይህን ስም ከአገሬው አፍ ተቀብሎ ወደ ላቲን የሳይንስ መጽሐፍ ያስገባው ፎርስኮል ግን መጽሐፉ ታትሞ ለማየት አልታደለም።

ፎርስኮል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1732 ዓ.ም. (የሚከተሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያን ጊዜ የስዊድን ግዛት በነበረችው በሔልሲንኪ ተወለደ። የታላቁ የእፅዋት ሊቅ የካርል ሊኔዎስ ደቀ መዝሙር ሆነ። በ1759 ስለ ሕዝብ ነፃነት አንዲት አነስተኛ ጽሑፍ በስቶክሆልም ቢያሳትም መንግሥት እንድትሰበሰብ አዘዘ። በ1766 ያችው አገር የኅትመትን ነፃነት በሕግ ስታጸና ደራሲው በሕይወት አልነበረም።

በጥር 1761 የዴንማርክ ንጉሥ ፍሬደሪክ አምስተኛ ወደ ዓረብ አገር ከላካቸው ስድስት ሰዎች አንዱ ሆኖ ከኮፐንሐገን ተነሣ። በ1762 ከሱዌዝ ተሳፍሮ በጅዳ በኩል ወደ የመን ወደብ ወደ ሉሐያ ወረደ። የቀይ ባሕር ሙላትና ጉድለት በሁለቱ ጫፎች ጎልቶ ሲታይ፥ በመካከሉ በጅዳ አካባቢ እምብዛም አይታወቅም። በሉሐያ ግን ባሕሩ ጥልቀት ስለሌለው ውሃው ሲጎድል ሰፊ ዳርቻ ይገለጣል።

የፎርስኮል ብልሃት፥ ከላቲንና ከግሪክ ብቻ ስም ከመበደር ይልቅ የአገሬውን ሰዎች መጠየቁ ነው። ዛሬ የዓለም ሊቃውንት አቡደፍዱፍ የሚሉት ዓሣ ስሙን ያገኘው ከዓረብኛ ነው፤ ግልገሉም ውሃው ሲሸሽ በድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ይገኛል። ቦሃርና ሲጋንም እንዲሁ ናቸው። ቀድሞ ነጋዴዎች ለልብስ ቁልፍ መሥሪያ ይልኩት የነበረውን የቀይ ባሕር ሾጣጣ ዛጎል የመዘገበው እርሱ ነው። የዓሣውንም ቆዳ ገፎ እንደ ቅጠል በወረቀት ላይ ያደርቅ ነበር።

ሐምሌ 11 ቀን 1763 በየመን ተራራ በያሪም ከተማ በወባ ሞተ፤ ዕድሜው 31 ነበረ። ጓደኞቹም አንድ በአንድ አለቁና በ1767 ወደ ኮፐንሐገን የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ሆነ። ኒቡር የሟቹን ማስታወሻ ሰብስቦ በ1775 ባያሳትመው ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ከሰውየው ጋር በተቀበረ ነበር።

ሹራ በጉድለት ጊዜ በሥሩ አየር ይስባል፤ ጨውንም በቅጠሉ ያስወጣል። የኋላ ሊቃውንት ዛፉን በሐኪሙ በኢብን ሲና ስም ወደ ተሰየመ ወገን አዛውረውታል፤ ፎርስኮል የሰጠው ማሪና፥ ማለት ባሕራዊት፥ የሚለው ቅጽል ግን አልተነሣለትም። የደረቁት ዓሦች በኮፐንሐገን ቤተ መዘክር ይገኛሉ።