ድምፅን በሽቦ ያስጓዘ መምህር

የትምህርት ቤታችን ደወል በተመታ ቁጥር ብረቱ ይንቀጠቀጣል፤ አየሩም አብሮት ይንቀጠቀጣል፤ ያም መንቀጥቀጥ እስከ ጆሯችን ይደርሳል። ድምፅ ማለት ይኸው ነው። ነገር ግን በራቀ መጠን እየደከመ ይጠፋል። ይህን ድካም በኤሌክትሪክ ኀይል ያሸነፈውን የአሌክሳንደር ግራሃም ቤልን ታሪክ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔታችን ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤል ማርች 3 ቀን 1847 በስኮትላንድ፣ በኤዲንበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ የንግግር አስተማሪ ነበሩ፤ የእናቱ ጆሮ ግን አጥርቶ አይሰማም ነበር። ስለዚህ ልጁ የድምፅን ነገር ሲመረምር አደገ። ሁለቱ ወንድሞቹ በሳንባ ነቀርሳ ስለ ሞቱ ቤተ ሰቡ በ1870 ወደ ካናዳ ተሻገረ። በሚቀጥለው ዓመት ቤል ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቦስተን ሄዶ መስማት የተሳናቸውን ማስተማር ጀመረ።

ቀን ያስተምራል፤ ማታ ከረዳቱ ከቶማስ ዋትሰን ጋር በሽቦና በማግኔት ይደክማል። ጁን 2 ቀን 1875 ዋትሰን ተጣብቆ የቀረ ስስ ብረት ነክቶ ሲያላቅቅ፣ ቤል በሌላው ክፍል ሆኖ ድምፁን በሽቦው በኩል ሰማ። ማርች 7 ቀን 1876 የፈጠራ መብቱ ተሰጠው፤ ከሦስት ቀንም በኋላ ቃሉ በሽቦ አልፎ ለረዳቱ በግልጥ ተሰማ። ኤሊሻ ግሬይ የተባለ ሌላ ሊቅ በዚያው በቤል ማመልከቻ ቀን ወረቀት አግብቶ ስለ ነበረ ስለ ቀዳሚነቱ ብዙ ክርክር ተነሣ፤ በፍርድ ቤት ግን ቤል ረታ።

የመሣሪያው አሠራር እንዲህ ነው። ድምፃችን ስሱን ብረት ያንቀጠቅጠዋል፤ ብረቱም ሽቦ በተጠመጠመበት ማግኔት ፊት ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ኀይል ይወለዳል። ይህ ኀይል ከወዲያኛው ጫፍ ሲደርስ በዚያ ያለው ማግኔት የራሱን ስስ ብረት በልኩ እየሳበና እየለቀቀ አየሩን ያንቀጠቅጠዋል። እንግዲህ የድምፅ ኀይል ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩም ተመልሶ ወደ ድምፅ ተለወጠ ማለት ነው። ዛሬም የብዙዎቹ ራዲዮኖች ድምፅ ማጉያ የሚሠራው በማግኔትና በኤሌክትሪክ ነው። ወደ አገራችንም ቴሌፎን የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነበር።

ልባችንን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ቤል በ1877 ያገባት ሜብል ሀባርድ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሕመም ምክንያት መስማት የተሳናት ነበረች። የሰውን ቃል ከከተማ ወደ ከተማ ያሻገረው ሰው የራሱን ቃል ለሚስቱ ጆሮ ማድረስ አልቻለም፤ እርስዋ የምትረዳው የከንፈሩን እንቅስቃሴ አይታ ነበር። እርሱም መስማት የተሳናቸው ሁሉ በአፍ መናገር ይማሩ ብሎ በምልክት ቋንቋ ማስተማርን ስለ ተቃወመ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ያዝኑበታል። ይህንንም የጻፍነው የታላቅ ሰው ስሕተትም ትምህርት ስለሚሆን ነው።

ቤል ኦገስት 2 ቀን 1922 በካናዳ፣ በኖቫ ስኮሺያ ሞተ። በተቀበረበት ጊዜ የሰሜን አሜሪካ ቴሌፎኖች ለአንድ ደቂቃ ዝም አሉ።

እኛም ተማሪዎች ከሕይወቱ የምንማረው ይህ ነው፤ ትልቁ ሥራ የተገኘው ሀብትን በመሻት ብቻ ሳይሆን ለሌሎች ችግር መፍትሔ በመፈለግ፣ በትዕግሥትም በመድከም ነው።