ዶክተር ጁዳ ፎክማን (1933–2008 እ.ኤ.አ.)

የካንሰር እብጠት ምን እየተመገበ እንደሚያድግ ታውቃላችሁን?

ጁዳ ፎክማን በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ተወለዱ። ሐኪም ከሆኑ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ከባልደረባቸው ጋር ሲሠሩ፣ ከእንስሳ አካል በወጣ ዕጢ ላይ የካንሰር ሕዋሳት ዘሩ። እብጠቶቹ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ የጤፍ ፍሬ ያህል ሆነው ቆሙ። ወደ አይጥ አካል ሲዛወሩ ግን የደም ሥር ገባባቸውና እጅግ አደጉ።

ፎክማን ምክንያቱን ደረሱበት። እብጠት ኬሚካል እየላከ በአቅራቢያው ያሉ የደም ሥሮች ወደ እርሱ ቅርንጫፍ እንዲያበቅሉ ያደርጋል፤ ምግብና ኦክስጅን የሚያገኘው በዚያ ነው። ቦዩ ከተዘጋ ማሳው እንደሚደርቅ አስቡ።

ይህን ሐሳብ በ1971 ሲያሳትሙ ብዙ ሊቃውንት አላመኑም፤ የሳቁባቸውም ነበሩ። እርሳቸው ግን በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ምርምራቸውን ቀጠሉ። በ2004 የደም ሥር እድገትን የሚያግደው ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። ብቻውን ካንሰርን ባይፈውስም፣ ከሌላ ሕክምና ጋር የብዙ ሕሙማንን ዕድሜ አራዝሟል።

እናንተም በክፍል ስትጠይቁ ቢሳቅባችሁ አትፈሩ፤ መልሱን ፈልጉ። ወላጆች ሆይ፣ የማይጠፋ እብጠት ስታዩ ገና ትንሽ ሳለ ለክሊኒክ አሳዩ።