ከባንዱ ጋር ያልሄደው ሳክስፎን፦ የሌስተር ያንግ ሕይወት

 ለዚህ መጽሔት የአንድ ሙዚቀኛ ታሪክ ላካፍላችሁ ወድጃለሁ።

ሌስተር ያንግ እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ዉድቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የቤተሰቡን ባንድ ይዞ ከአገር አገር የሚዞር ሙዚቀኛ ነበር፤ ልጆቹንም ያሠለጠነው ራሱ ነው። ሌስተር በድራም ጀምሮ ኋላ ሳክስፎን ያዘ። ጎረምሳ ሳለ ባንዱ በጥቁሮች ላይ መድልዎ ወደሚበረታበት ደቡብ ሊሄድ ሲነሣ አልሄድም ብሎ ከአባቱ ተለየ።

በ1934 ኒውዮርክ የነበረው ዝነኛው የፍሌቸር ሄንደርሰን ባንድ ቀጠረው። የተተካው ወደ እንግሊዝ በሄደው በኮልማን ሃውኪንስ ቦታ ነበር። የሃውኪንስ ድምፅ ወፍራምና ከባድ ነው፤ የሌስተር ግን ቀለል ያለ፣ ለስላሳና የማይቸኩል ነበር። የባንዱ ሰዎች አጉረመረሙ። የባንዱ መሪ ባለቤትም እንደዚህ ተጫወት ለማለት ጠዋት ጠዋት የሃውኪንስን ሸክላ ታሰማው ነበር። እሱ በአክብሮት ያዳምጣል፤ ሲጫወት ግን ያው የራሱን ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ ያልተባረረ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቆ ሄደ።

በ1936 ከካውንት ቤዚ ባንድ ጋር ሆኖ የመጀመሪያ ሸክላውን ቺካጎ ውስጥ አስቀረጸ። ያ ባንድ ለብቸኛ ተጫዋች ሰፊ ቦታ የሚተው ነበርና፣ እዚያ ጉድለት የተባለው እዚህ ውበት ሆነ። ድምፃዊቷ ቢሊ ሆሊዴይ ፕሬዚዳንት ለማለት ፕሬዝ ብላ ሰየመችው። ስታን ጌትዝን የመሰሉ ሳክስፎን ተጫዋቾችም የእሱን መንገድ ተከተሉ።

ኑሮው ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1944 ለውትድርና ተመልምሎ፣ በማግስቱ ዓመት በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ታሰረ። መጠጥም ጎዳው። መጋቢት 1959 ከፓሪስ በተመለሰ ማግስት ኒውዮርክ ውስጥ በ49 ዓመቱ ዐረፈ።

እኔ ባለሱቅ ነኝ። አንዱ ሰፈር አቧራ የጠጣ ዕቃ ሌላ ሰፈር ሲሻሙበት አይቻለሁ። ዕቃው ያው ነው። ሆኖም ልጄ ሱቅ መቀመጥ አልሆንልህ ሲለው ሰነፍ ነው ብዬ ብዙ ተቆጥቼዋለሁ። ይህን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ የልጄ ቦታ የት ይሆን ብዬ መጠየቅ ጀምሬአለሁ። ወላጆች ሆይ፣ እናንተም ልጆቻችሁን እንደ ሌላው ሰው ልጅ ሁኑ ከማለታችሁ በፊት የራሳቸውን ድምፅ አዳምጡ።

መልካም በዓል!