የአቡነ ፊልጶስ ታሪክ

ልጆች ሆይ፥ በሸዋ ሮቢት ቆላ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ብትመለከቱ ታላቁ ተራራ እንደ ግንብ ቆሞ ይታያችኋል። ከተራራው በላይ ያለው ደጋው ሸዋ ነው፤ ከተራራው በታች ያለው ሞቃት አገር ይፋት ይባላል። በጥንት ዘመን በይፋት ወላስማ የሚባሉ የእስላም ገዦች ነበሩ፤ ነጋዴዎችም በአገራቸው እያለፉ እስከ ዘይላ ወደብ ይወርዱ ነበር። በደጋው ግን መነኮሳት ሕዝቡን ወንጌል ያስተምሩ ነበር። ዛሬ የምናነበው ከእነዚያ መነኮሳት የአንዱን፥ የአቡነ ፊልጶስን ታሪክ ነው።

አቡነ ፊልጶስ ገና ልጅ ሳሉ የአባታቸውን ቤት ትተው ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሄዱ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚያን ጊዜ በሸዋ በደብረ አስቦ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ይኖሩ ነበር። ማኅበሩ ትንሽ ነበረ፤ መነኮሳቱም በጸሎት፥ በትምህርትና በእጅ ሥራ ይተጉ ነበር። አንድ ነገር የጠፋው ሁሉ ወደ አባታቸው ሄዶ ይጠይቅ ነበር፤ የአባታቸውም ቃል ለሁሉ ሕግ ነበረ።

በ1305 ዓ. ም. ነሐሴ 24 ቀን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዐረፉ። በእርሳቸው ወንበር የተቀመጡት አባ ኤልሳዕም ብዙ ሳይቈዩ ሞቱ። ማኅበሩ በአጭር ጊዜ ሁለት አባቶች አጣ። እረኛ የሌለው መንጋ እንደሚበተን፥ እነዚያም መነኮሳት ወደየአገራቸው ሊበተኑ ይችሉ ነበር። ነገር ግን አቡነ ፊልጶስ ሦስተኛ አበምኔት ሆነው ተሾሙ፤ ማኅበሩንም ጠበቁት።

ከዚህ በኋላ በ1330 ዓ. ም. ገደማ አቡነ ያዕቆብ የሚባሉ ጳጳስ ከግብጽ አገር መጡ። ሸዋ ሰፊ አገር ነው፥ መምህራኑ ግን ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ ጳጳሱ ከአቡነ ፊልጶስ ጋራ ሆነው አገሩን በዐሥራ ሁለት ክፍል ከፈሉት። ለየክፍሉም ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልጆች አንዳንድ አባት ሾሙ። እነዚህም ሹማምንት ንቡራነ እድ ተባሉ፤ ትርጓሜውም እጅ የተጫነባቸው ማለት ነው። አባ አኖሬዎስ ወደ ወረብ፥ አባ አድኃኒ ወደ ዳሞት፥ አባ ታዴዎስ ወደ ጽላልሽ፥ ሌሎቹም ወደየዕጣቸው ሄዱ። አቡነ ፊልጶስም የሁሉ አለቃ ሆኑ።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ሥራ ቀላል አይምሰላችሁ። መልካም ደቀ መዛሙርቱን ከአጠገቡ የሚያሰናብት መምህር ቤቱ ይጐድልበታል፤ የሚረዳውም ያንሳል። ሁሉን በአጠገቡ ይዞ የሚቀመጥ ግን አገሩ ትምህርት ሳያገኝ ይቀራል። አቡነ ፊልጶስ የቤታቸውን ጕድለት ታግሠው የአገሩን ጥቅም መረጡ።

በዚያን ጊዜ የነገሡት ዓፄ ዓምደ ጽዮን ነበሩ። እርሳቸውም በ1324 ዓ. ም. ከይፋቱ ገዥ ከሰብረ ዲን ጋራ ተዋግተው ድል ስላደረጉ ኀይላቸው እጅግ የተፈራ ነበር። ንጉሡ በጋብቻ ነገር የቤተ ክርስቲያንን ሕግ በጣሱ ጊዜ ግን አቡነ ፊልጶስና አባ አኖሬዎስ ዝም አላሉም፤ ሄደው ገሠጿቸው። ንጉሡም ተቈጡ፤ መነኮሳቱ ተገረፉ፥ ተጋዙም። ከእርሳቸው በኋላ በነገሡት በዓፄ ሰይፈ አርዕድ ዘመንም ጠቡ እንደ ገና ተነሣ። ጳጳሱ አቡነ ያዕቆብ ወደ ግብጽ ተመለሱ፤ አቡነ ፊልጶስም ወደ ገዳማቸው ሳይመለሱ በስደት አገር ዐረፉ።

እንግዲህ ማኅበሩ ጠፋን? አልጠፋም። አለቃው ቢሰደዱም በየክፍሉ የሚያስተምር አባት ነበረ። የተሰደዱትም መነኮሳት በደረሱበት አገር ሁሉ አስተማሩ፤ ስለዚህ ስደቱ ትምህርቱን አሰፋው እንጂ አላጠፋውም። ኋላም በ1437 ዓ. ም. ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ አስቦን ደብረ ሊባኖስ ብለው ሰየሙት። የገዳሙም አለቃ እጨጌ ተብሎ በኢትዮጵያ መነኮሳት ሁሉ ላይ ታላቅ ሆነ።

አንድ ምሰሶ ብቻ ያለው ቤት ምሰሶው ሲነቀል ይወድቃል፤ ብዙ ምሰሶ ያለው ቤት ግን አንዱ ቢነቀል ይቆማል። አቡነ ፊልጶስ ሥራውን ለዐሥራ ሁለት ሰዎች ማካፈላቸው እንደዚህ ነው። ደግሞም ሹመታቸውንና ዕረፍታቸውን ለመጠበቅ ብለው እውነትን አልሸሸጉም።

እናንተም ልጆች ሆይ፥ ፊደል የለየ ያልለየውን ያስተምር፤ ዳዊት የደገመ ለጀማሪው ያስጠና። በክፍላችሁ አለቃ ብትሆኑ ሥራውን ሁሉ ለራሳችሁ አታድርጉት፤ ለባልንጀሮቻችሁ አካፍሉ። መልካም አለቃ እርሱ በሌለበት ቀን ሥራው ሳይቋረጥ ሲሄድ ይታወቃልና።