የመሐንዲሱ ልጅ በቦንጉ መንደር

ኒኮላይ ሚክሉሆ ማክላይ ራሱ መሐንዲስ አልነበረም፤ የመሐንዲስ ልጅ ግን ነበር። አባቱ ከሴንት ፒተርስቡርግ ወደ ሞስኮ የሚዘልቀውን የባቡር ሐዲድ ከሠሩት ባለሙያዎች አንዱ ነበሩ። ልጃቸውም በ1846 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኖቭጎሮድ አውራጃ ሐዲዱ በሚያልፍበት አካባቢ በምትገኝ አንዲት መንደር ተወለደ። መስመሩ በ1851 ተከፈተ። አባትየው በ1857 በሞት ሲለዩ ልጁ ገና አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ቤተሰቡም ለችግር ተጋለጠ።

በ1864 ከሴንት ፒተርስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተባረረ። በአገሩ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ እንዳይገባም ስለተከለከለ ወደ ጀርመን ሄዶ በሃይደልበርግ፣ በላይፕሲግና በየና ተማረ። በየና የዝነኛው የሥነ ሕይወት ሊቅ የኤርንስት ሄክል ረዳት ሆኖ በ1866 ወደ ካናሪ ደሴቶች ተጓዘ። በ1869፣ የስዌዝ ቦይ ለመርከቦች ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ራሱን ተላጭቶና የዐረብ ልብስ ለብሶ የቀይ ባሕርን ወደቦች ዞረ፤ ጂዳን፣ ምጽዋንና ሱዋኪንን አየ። ምጽዋ በዚያን ጊዜ በግብጽ እጅ ነበረች። ወደ እኛ አገር የቀረበው ይህን ያህል ብቻ ነው። በዚህ ጉዞ የፈለገው ስፖንጅና ሌሎች የባሕር ፍጥረታትን ነበር፤ ለዘለቄታው ስሙን ያስጠራው ግን የሰው ጉዳይ ሆነ።

በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት የሰው ልጅ ሁሉ ከአንድ ዘር ነው ወይስ አይደለም እያሉ ይከራከሩ ነበር። ፓፑዋውያንን ከሰው ተራ ዝቅ አድርጎ የሚመድብም አልታጣም። ማክላይ ነገሩን በወንበር ላይ ተቀምጦ ከመከራከር ይልቅ ነጮች ያልረገጡት መንደር ሄዶ መኖርን መረጠ። ቪትያዝ በተባለች የሩሲያ የጦር መርከብ በኅዳር ወር 1870 ከክሮንሽታድት ተነሥቶ በመስከረም 1871 በኒው ጊኒ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ከሚገኘው የአስትሮላብ ወሽመጥ ደረሰ። ዕድሜው ሃያ አምስት ነበር።

መርከበኞቹ ጋራጋሲ በሚባለው ስፍራ ዛፍ መንጥረው ቤት ሠሩለት። ቁመቱ 14 ጫማ፣ ወርዱ 7 ጫማ የሆነ፣ በምሰሶ ላይ የቆመ፣ ክዳኑ የሚያፈስ ጎጆ ነበር። ከዚህችም ጎጆ ግማሹ የስዊድን ተወላጅ የነበረው የአገልጋዩ የኦልሰን ድርሻ ሲሆን፣ ቦይ የተባለ አንድ የኒዌ ደሴት ወጣትም አብሯቸው ነበር። የመርከቧ መኮንኖች ለጥንቃቄ ሲሉ በቤቱ ዙሪያ ፈንጂ ቀበሩ። ማክላይ ያንን ፈንጂ አንድ ቀንም አልተኮሰውም። መርከቧ ስትሄድ ሦስቱ ብቻቸውን ቀሩ፤ ቦይ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በወባ ሞተ።

መርከቧ ከሄደች በኋላ በጥቅምት 1 ቀን ማክላይ ጎሬንዱ ወደተባለችው ጎረቤት መንደር ብቻውን ሄደ። ሽጉጡን ልያዝ ወይስ ልተወው ሲል አመነታና ማስታወሻ ደብተሩንና እርሳሱን ይዞ ወጣ። ሰዎቹ ጦር እየነቀነቁ ከበቡት፤ ቀስትም ከጎኑ አልፎ ሄደ። መመለስ ፍርሃት እንደሚመስልበት፣ መጋፋትም ሞት እንደሚያመጣበት ባየ ጊዜ በአንድ ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ የጫማውን ማሰሪያ ፈታና ተኛ። የእውነት እንቅልፍ ወስዶት ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። ሲነቃ ሰዎቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ዙሪያውን ተቀምጠው አገኛቸው። ይህን የጀግንነት ወሬ አድርገው የሚያወሩት ብዙ ናቸው። እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥብኝ ከዚያ ወዲያ የታየው ትዕግሥቱ ነው። ቋንቋውን የሚያስተረጉምለት ሰው ስላልነበረ፣ ጥሩ የሚለውን አንድ ቃል ትርጉም ለይቶ ለማወቅ እንኳ ወራት ፈጅቶበታል።

በቅርብ ያሉት መንደሮች ጎሬንዱ፣ ጉምቡና ቦንጉ ሲሆኑ ትልቋ ቦንጉ ነበረች። ብረት አይታወቅም። የሥራ መሣሪያው ድንጋይ፣ አጥንት፣ ዛጎልና እንጨት ነው። ሰዎቹ ስፋቱ ከሁለት ጣት ብዙም በማይበልጥ የድንጋይ መጥረቢያ ውፍረቱ ግማሽ ሜትር የሚሆን ግንድ ሲጥሉ አይቶ ተደንቋል። እሳት መለኮስ ግን አያውቁም ነበር። ከጎረቤት እሳት መጫር ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ እዚያ ግን በመንደሩ ያለው እሳት ሁሉ ቢጠፋ የሚጫረው ከሌላ መንደር ነበር። ስለዚህ ወደ እርሻም ሆነ ወደ ባሕር ሲወጡ የሚጤስ ጉማጅ ይዘው ይሄዱ ነበር።

የእርሻው አሠራር ማንኛውንም የሥራ ሰው ያስደስታል። ዱሩ በደቦ ይመነጠራል፤ ግንዱ ደርቆ ይቃጠላል። የዱር አሳማ እንዳይገባ ቦታው በጠንካራ አጥር ይታጠራል። ከዚያ ወንዶቹ በመስመር ቆመው ረጃጅም ሹል ዘንጎችን አጠገብ ላጠገብ ይተክሉና በአንድነት እየወዘወዙ ትልቅ ጓል ይገለብጣሉ። ሴቶቹ ከኋላ እየተከተሉ በአነስተኛ የእንጨት አካፋ ጓሉን ይሰባብራሉ፤ ልጆችም አፈሩን በእጃቸው ያልማሉ። በዚህ በለማ አፈር ላይ ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ስኳር ድንች፣ ሙዝና ሸንኮራ አገዳ ይተከላል። አጥሩ የጋራ ነው፤ በአጥሩ ውስጥ ግን የእያንዳንዱ ቤተሰብ መደብ ለብቻው የታወቀ ነው።

ማክላይ በዚህ መንደር ከተማራቸው ነገሮች ዋናው ይኸው ይመስለኛል። የቤት ዕቃ ጥቂት ነው፤ ከሁሉ የሚከበረው ለመፈልፈል ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ታቢር የተባለው ትልቅ የእንጨት ገበታ፣ ቀጥሎም የከርከሮ ጥርስ ጌጥ ነው። አሳማና ውሻ ባለቤት አላቸው። የኮኮናት ዛፍም ባለቤት አለው። ለእንግዳ ሰው ጥቅጥቅ ያለ ዱር ብቻ ሆኖ የሚታየው ምድር ከመንደር እስከ መንደር ወሰኑ የታወቀ ነበር። ከመርከብ ጣሪያ ላይ ሆኖ በመነጽር ለሚመለከት ይህ አይታይም። እኛም በሙያችን ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ቤት ያልታየበትን ሁሉ ባዶ ብሎ መጻፍ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ እናውቃለን።

መንገድ ነገር የለም ቢባል ይቀላል። በዱር ውስጥ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን የእግር መንገድ አለ፤ ወደ ተራራ ሲወጣ መንገዱ የወንዝ ሆድ ራሱ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ወንዙ መንገዱን ይወስደዋል። ከመሬቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ደግሞ ከወዳጅ መንደሮች ወሰን ማለፍ መፈራቱ ነበር። የባሕሩ ሰው ወደ ተራራው ለመውጣት፣ የተራራውም ወደ ባሕር ለመውረድ አይደፍርም። ዜና ግን ከሰው ይፈጥናል፤ ባሩም የተባለው ከግንድ ተቦርቡሮ የሚሠራ ነጋሪት ሲመታ ሩቅ ያለው መንደር የሞትም የድግስም መልእክት ይሰማል። በባሕር በኩል የቢሊቢሊ ደሴት ሰዎች ሴቶቻቸው ያለ መሽከርከሪያ በእጅ የሚሠሩትን የሸክላ ማሰሮ በሸራ ታንኳ እየጫኑ ይነግዱ ነበር። ማክላይ ወባው በለቀቀው ቁጥር ኪኒኑን ውጦ በእግርም በታንኳም እነዚህን መንገዶች ተከተለ፤ ሌሊቱን በየመንደሩ በወንዶች አዳራሽ አደረ።

በታኅሣሥ 1872 ኢዙምሩድ የተባለች መርከብ መጥታ ወሰደችው። በ1876 ተመልሶ እስከ ኅዳር 1877 በቦንጉ አጠገብ ቡጋርሎም በተባለ ስፍራ ኖረ። በዚህ ጊዜ ሰዎቹ ተራ ሰው አድርገው አላዩትም። ሳውል የተባለ የቦንጉ ሰው አንድ ቀን መሞት ይችል እንደሆነ ጠየቀው። እችላለሁ ቢል የተሰጠው ክብር ይቀንሳል፤ አልችልም ቢል ውሸት ነው። ስለዚህ ጦር አንሥቶ ለሳውል ሰጠውና ጥቂት እርምጃ ርቆ ቆሞ ራሱ እንዲሞክር ነገረው። ሳውል አልወረወረም። ብልህ መልስ ነበር፤ ሆኖም የተሳሳተ እምነታቸውን ሳያርም እንደ መከታ እንደተጠቀመበት መሸሸግ አይገባም።

ሲሰናበታቸው ሌሎች ነጮች እንደሚመጡና ሁሉም ወዳጅ እንደማይሆኑ አስጠነቀቃቸው፤ ወዳጁ የሆነውን የሚለዩበትንም ምልክት ነገራቸው። በ1879 በምዕራብ ፓሲፊክ ለእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር ለሰር አርተር ጎርደን ጽፎ የጠረፉ ሰዎች በመሬታቸው ላይ ያላቸው መብት እንዲታወቅ፣ የጦር መሣሪያና የአልኮል መጠጥም እንዳይሸጥላቸው አሳሰበ። በ1881 በሲድኒ አጠገብ የባሕር ፍጥረታት ምርምር ጣቢያ አቋቋመ። በ1883 ለአጭር ጊዜ ቦንጉን ሲጎበኝ ከብትና ፍየል ይዞላቸው ሄደ። በ1884 በሲድኒ የቀድሞውን የኒው ሳውዝ ዌልስ ጠቅላይ ሚኒስትር የሰር ጆን ሮበርትሰንን ልጅ አገባ፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም ወለዱ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ጀርመናዊው ኦቶ ፊንሽ በመርከብ ወደ አስትሮላብ ወሽመጥ ደረሰ። የማክላይን ስም ስላነሣ ሰዎቹ እንደ ወዳጅ ተቀበሉት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጀርመን ጠረፉን ያዘች። ማክላይ በ1885 መጀመሪያ ለቢስማርክ የተቃውሞ ቴሌግራም ላከ፤ ያዳመጠው ግን አልነበረም። የኒው ጊኒ ኩባንያ መጥረቢያና ጨርቅ እየሰጠ ሰፊ መሬት ገዛሁ አለ። ለገዢው ሽያጭ፣ ለባለመሬቱ ስጦታ መቀባበል የነበረው ይህ ውል ያስከተለው ክርክር፣ ከቦንጉ በስተ ሰሜን በማዳንግ አካባቢ እስከ 1932 ድረስ ፍርድ ቤት አድርሷል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ መሣሪያ የገነባው መታመን ለመሬቱ መያዝ በር ሆነ። የሚያሳዝነው ደግሞ ራሱ በ1886 በኒው ጊኒ ጠረፍ የሩሲያ ሠፋሪዎች መንደር እንዲመሠረት ዛሩን መለመኑ ነው። ብዙ አመልካቾች ተመዘገቡ፤ መንግሥት ግን አልፈቀደም። ያንን መሬት ባለቤት እንዳለው ከማንም በፊት የጻፈው ሰው ሠፋሪዎቹን በየትኛው አጥር ውስጥ ሊያስገባቸው እንዳሰበ ለእኔ ሊገባኝ አልቻለም።

በሚያዝያ 1888 በአርባ አንድ ዓመቱ በሴንት ፒተርስቡርግ ሞተ። የዕለት ማስታወሻው ለኅትመት የበቃው በ1923 ነው። የሶቪየት ተመራማሪዎች በ1971 ቦንጉ ሲደርሱ በመንደሩ ቋንቋ ውስጥ ጥቂት የሩሲያ ቃላት አገኙ፤ መጥረቢያ ዛሬም በሩሲያኛው ስሙ ቶፖር ይባል ነበር፤ በቆሎና ሐብሐብም እሱ ዘሩን ሲያመጣ በጠራቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዛሬ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ካርታ ላይ ራይ ጠረፍ ተብሎ የሚነበበው የወረዳ ስምም የመጣው ከማክላይ ነው፤ በጠረፉ ሰዎች አፍ ስሙ ወደ ራይ ተለውጦ።