ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፤ የቀዶ ጥገና መምህር

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፥ በአሰላ ከተማ የምንማር ሁሉ ቡአ የያዘው ሰው ሳናይ አልቀረንም። የአርሲ ገበሬ ቡአውን በመቀነት አጥብቆ አስሮ ዓመት ከዓመት ያርሳል፤ ገብሱንም ይሸከማል። አንድ ቀን ግን የወጣው አንጀት አልመለስ ይላል። ይታነቃል፤ ደም ያጣል፤ በሰዓታት ውስጥም መሞት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሐኪም የሞተውን አንጀት ቆርጦ ማውጣት፥ ደኅናውን ከደኅናው ጋር መስፋት፥ የላላውንም የሆድ ግድግዳ ማጥበቅ አለበት። በሬ የወጋው ወይም ጥይት የመታው ሆድ ሲመጣም አስቀድሞ ደሙን ማቆም፥ ቀጥሎም የተበሳውን አንጀት ፈልጎ መስፋት ያስፈልጋል። ይህን የሚችል እጅ በቅርብ ካልተገኘ በሽተኛው በመንገድ ይቀራል። እንዲህ ያለው እጅ በአገራችን እንዴት እንደ በዛ ለማወቅ የፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ሕይወት መመልከት ይገባናል።

አሥራት በሰኔ ወር 1920 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ በድሬዳዋም አደጉ። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላቸው፥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተፈጸመው እልቂት አባታቸው ተገደሉ። ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ቀጥሎም በእስክንድርያ ቪክቶሪያ ኮሌጅ ገቡ። ሕክምናን በስኮትላንድ፥ በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ አጥንተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ካገለገሉ በኋላ ዳግመኛ ወደ ኤዲንበርግ ሄደው ቀዶ ጥገናን ተማሩ፤ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞችም አንዱ ሆኑ።

በዚያ ዘመን ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም በጣት የሚቈጠር ነበር። አሥራት በውጭ አገር ተደላድለው ለመኖር የሚያበቃ ማዕረግ ነበራቸው፤ ነገር ግን አገራቸውን መረጡ። አንድ ሐኪም በዕድሜው ሙሉ ቢደክም የሚያድነው ሰው የተወሰነ ነው፤ የሚያስተምር ግን በተማሪዎቹ እጅ ይሠራል። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ፤ ዲን ሆነው መሩት፤ የቀዶ ጥገና ፕሮፌሰርም ሆኑ። ተማሪ ወደ ባሕር ማዶ ሳይሻገር በአገሩ ስፔሻሊስት እንዲሆን ከደከሙት መካከልም ነበሩ።

አሥራት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሐኪም ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ፥ በነሐሴ ወር 1967 ዓ.ም.፥ መንግሥት የሞታቸውን ምክንያት ከፕሮስቴት ኦፕራሲዮን በኋላ የመጣ ችግር ነው ሲል አስታወቀ። አሥራት ግን እንዲህ ያለ ችግር አልደረሰም ብለው መግለጫውን ሳይቀበሉ ቀሩ። ዝም ማለት ቀላል በነበረበት ጊዜ ሐኪም ስለ በሽተኛው የሚያውቀውን እውነት አልለወጡም።

በ1984 ዓ.ም. የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን ሲያቋቋሙ ሊቀ መንበር ሆኑ። ስለዚህ የሕይወታቸው ክፍል ተማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ እኛም በአንድ ገጽ እንፈርዳለን አንልም። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ ከሚሆኑ መምህራን ጋር ከዩኒቨርሲቲው ተሰናበቱ፤ በ1986 ዓ.ም. አመፅ አሢረዋል ተብለው ታሰሩ። ክሱን አልተቀበሉም። በእስር ቤት ጤናቸው ታወከ፤ በ1991 ዓ.ም. ተፈትተው ለሕክምና ወደ አሜሪካ ሄዱ። ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ዐረፉ። ብዙ ሐኪም ያፈሩት ሰው ከሚወዱት አገር ርቀው መሞታቸው ያሳዝናል።

ዛሬ በአሰላ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። ነጭ ጋውን የለበሱ ጓደኞቻችን ሆድ እንዴት እንደሚከፈትና እንዴት እንደሚሰፋ ከመምህሮቻቸው ይማራሉ፤ መምህሮቻቸውም ከመምህሮቻቸው ተምረዋል። ወደ ኋላ ብንቈጥር ከአሥራትና ከባልደረቦቻቸው ዘመን እንደርሳለን። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ምላጭ አንይዝም። ሆኖም የተማርነውን ለራሳችን ብቻ ይዘን ከቀረን፥ በመንገድ የሚቀረው ሰው ዕዳ በእኛም ላይ ነው።